መልስ እስከ ጳጉሜን

ዳንግላ፣ ሰኔ 11 ቀን 1955 ዓ.ም.

ዛሬ አቶ ደጉ ከሥራ በኋላ አስቀሩኝ። የክሊኒኩ ኃላፊ ናቸው፤ ሰው የሚያስቀሩት ለወቀሳ ስለሆነ ፈርቼ ነበር። ወቀሳ አልነበረም። ባሕር ዳር አዲስ ሐኪም ቤት ተሠርቶ ሊከፈት ነው፤ ልምድ ያላቸው ድሬሰሮች፣ የሐኪም ረዳቶች፣ ከየአውራጃው ይፈለጋሉ፤ ከእኛ ክሊኒክ ያንተን ስም ሰጥቻለሁ አሉኝ። «ከተማው ገና እየተቆረቆረ ነው። አሁን የገባ ሰው ነው ቦታ የሚይዝ። መልስህን እስከ ጳጉሜን ስጠኝ።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እስከ ቤት ድረስ ጭቃውን እያየሁ ተራመድሁ እንጂ ምን እንዳሰብሁ አላውቅም።

ለባለቤቴ ለይታይሽ ራት ላይ ነገርኋት። እጇን ከመሶቡ አነሣችና «መቼ ነው?» አለች። እንሂድ ወይ፣ እንቅር ወይ አላለችም። «ገና መልስ አልሰጠሁም» አልኋት። ከራት በኋላ ብርድ ልብሶቹን ከሣጥን አውጥታ የተቀደደ ካላቸው ትፈትሽ ጀመር።

ሰኔ 16፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይታይሽ የባሕር ዳርን ነገር አነሣች። እኔ እስክጀምር ስትጠብቅ ሰንብታ መሆን አለበት። መንገዱ ሰፊ ነው ይባላል፣ ሐይቁ ደጃፍ ላይ ነው ይባላል፣ ፋብሪካው ሴትም ይቀጥራል ይባላል። ከማን እንደሰማችው አላውቅም፤ ከቤት ብዙ አትወጣም።

ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ወባ አለ፣ ኪራይ ውድ ነው አልኋት። አባቴም አርጅተዋል፤ እግራቸው ላይ ያለው ቁስል አልድን ብሏል፤ በሕይወት የቀረሁላቸው ወንድ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ሁሉ ነገርኋት። አዳመጠችኝና፣

«እዚያ እኮ ማንም አያውቀኝም» አለች።

ይህ እንዴት ደግ ነገር እንደሚሆን አልገባኝም። እዚህ ሁሉም ያውቀናል። ገበያ ስትወጣ «የዶክተሩ ሚስት» ብለው መንገድ ይለቁላታል፤ ድሬሰር እንጂ ዶክተር አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም። ከቢቸና፣ ከወላጆቿ ቤት ካመጣኋት ሰባት ዓመት ሆነን። መጀመሪያ ዳንግላን አልወደደችውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የለመደችው መስሎኝ ነበር።

ሰኔ 25

ከቆላ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች መጡ፤ ሁሉም አንድ ቤት የሚያድሩ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ደረታቸው ላይ ሽፍታ። ተስቦ ነው። ልብስ መቀቀል፣ ጠጉር መላጨት፣ ለቅማሉ ዲዲቲ መንፋት። እንጀራው ሁሉ ዲዲቲ ዲዲቲ አለኝ። ሳልበላ ተኛሁ።

ሰኔ 28

ሁለቱ ሞቱ። አንደኛው የአዘና ሰው ነው አሉ። አሥር ጊዜ ውሃ አጠጥቼው ስሙን አልጠየቅሁትም።

ሰኔ 30፣ እሑድ

አቶ ደጉ የዛሬን እረፍት ሰጡኝ። መተኛት ሲገባኝ በጭነት መኪና ቆሰበር ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር እስከ መንደራችን። አባቴ እግራቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቁስሉን አጥቤ አሰርሁላቸው። ጠርዙ መግጠም ጀምሯል።

ወርቅአየሁ ድንችና ተልባ አቀረበች። ታላቅ እኅቴ ናት፤ ባሏን ፈትታ ከመጣች ወዲህ አባታችንን የምትጦር እሷ ናት። እጄን ያስታጠበችኝ ግን ሌላ ሴት ነበረች። ሸጋ ትባላለች፤ የጎረቤት ልጅ ናት። ባሏ ዓምና ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞቶባታል። ከአገውኛ በቀር አትናገርም። ውሃውን ስታፈስልኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

ስነሣ ወርቅአየሁ እስከ አጥሩ ሸኝታኝ አንድ ነገር ተናገረች። እዚህ አልጽፈውም። እኅት ስለሆነች፣ ስለምታስብልኝ ነው። አልተቆጣኋትም፤ እሺም አላልኋትም። እሺ አለማለቴ ይጻፍልኝ።

የባሕር ዳርን ነገር ለአባቴ ልነግራቸው ሄጄ ሳልነግራቸው ተመለስሁ።

ሐምሌ 3

አስታማሚ አጥተን ስንጨነቅ ይታይሽ ሳንጠራት ክሊኒክ መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የበሽተኞቹን ልብስ በበርሜል ስትቀቅል ዋለች። ተይ ብላት አልሰማችኝም። አቶ ደጉ «ይችን ሴት እስከ ዛሬ የት ደብቀሃት ነው?» አሉኝ።

አግዳሚው ላይ ሁለት አሮጊቶች ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ በአገውኛ «ምን ቤት የሚያስቸኩላት አላት፤ መካን አይደለች?» አለች። ይታይሽ አጠገባቸው ነበረች። ደግነቱ አገውኛ አታውቅም። ልብሱን የምታማስልበት እንጨት ብቻ በርሜሉ ውስጥ ትንሽ ቆም አለ። እንፋሎቱ ዓይኗ ገብቶ ይሆናል።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ቆሰበር ሄጄ መጣሁ። ለአባቴ ቅባት ማድረስ ነበረብኝ።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

እንደገና ሄድሁ። ፋሻው መቀየር አለበት።

ባለፈው ቅዳሜ ከዳንግላ ገበያ አንድ ሻሽ ገዝቼ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ያለው። ለወርቅአየሁ ይሁን ብዬ ነው። ዛሬ ሰጥቻት ወደ አባቴ ገባሁ። ስወጣ ሸጋ ራስ ላይ አየሁት። ሰጥታት ይሆናል። አንድ ጊዜ የሰጡት ነገር ወዴት እንደሚሄድ መከታተል የኔ ሥራ አይደለም።

መመለሻ መኪና አጥቼ ጨለማ ውስጥ ስጠብቅ ዝናቡ አጥንቴ ገባ። ሾፌሩ «ዶክተር፣ ዘንድሮ ቆሰበር አበዛኸው» አለኝ። አባቴ ታመውብኝ ነው አልሁት።

ሐምሌ 16

ጧት ቁርስ ላይ ይታይሽ «የአባባ ቁስል እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

«እየዳነ ነው።»

«እየዳነ ከሆነ በየሳምንቱ ለምን ትመላለሳለህ?»

«አባቴ ናቸው!» ብዬ ጮኽሁባት። ጩኸቱ ራሴንም አስደነገጠኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌባት አላውቅም ነበር። እሷ ግን አልደነገጠችም። ትንሽ አየችኝና ሳህኑን አነሣች።

ቀኑን ሙሉ መርፌ ስወጋ ዋልሁ፤ ይኸው ጩኸት ጆሮዬ ላይ ነበር። ማታ ይቅርታ ልጠይቃት አሰብሁ፤ ተኝታ አገኘኋት፤ ወይም ተኝታ መሰለችኝ። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሁለተኛው ስድስት ወር አልፎት ነበር፤ በእኔ በገዛ እጄ ነው የወጣው። የሰው ሚስት ሁሉ ሳዋልድ እኖራለሁ። ያን ጊዜ ምንም አላለቀሰችም፤ ጠዋት ተነሥታ ቤት ጠረገች። እኔም ምንም አላልኋትም። ምን ይባላል?

ሐምሌ 20

ወርቅአየሁ ለገበያ ዳንግላ መጥታ እኛ ቤት አደረች። ከራት በፊት ይታይሽ እሳቱን ስታነድ፣ እኛ በአገውኛ አወራን። በሰው ፊት ያልገባውን ቋንቋ መናገር ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ወርቅአየሁ አማርኛ ስትናገር ትደክማለች።

ያን ጊዜ ያልጻፍሁትን ዛሬ ልጻፈው፤ በይፋ ተናግራዋለችና። ልጅ ሸጋ ትውለድልህ ትላለች። ይታይሽን ፍታ አላለችም። ሸጋ እዚያው አባታችን ቤት ትኖራለች፤ ልጁም እዚያው ያድጋል፤ ይታይሽም ከተማዋን ትይዛለች። «ማን ይጎዳል?» አለች። «አባባ ዘራቸውን ሳያዩ ይሙቱ?»

እኔ ያልሁት «እስኪ ይህ በሽታ ይለፍ» ብቻ ነው። ይህ እሺ ማለት አይደለም። ወርቅአየሁ ግን ፊቷ በራ።

ወርቅአየሁ ወጡን ቀምሳ በአገውኛ ጨው አነሰው ስትለኝ ይታይሽ ብድግ ብላ ጨው አመጣች። የወርቅአየሁን ፊት አይታ ገብቷት ይሆናል። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች፤ ቁንጫ ነው አለችኝ።

ሐምሌ 26

አቶ ደጉ እንደገና ጠየቁኝ። ከጥሊሊ አንድ ድሬሰር ቦታውን ይፈልገዋል። «እያሰብሁበት ነው» አልኋቸው።

«አንተ ታስባለህ፤ ሚስትህ ግን አስባ የጨረሰች ትመስለኛለች» አሉ።

ምን ማለታቸው ነው ብል፣ ባለፈው ሳምንት ይታይሽ ራሷ መጥታ አዲሱ ሐኪም ቤት ልብስ አጣቢ ሴት ይቀጥር እንደሆነ ጠይቃቸዋለች። ለእኔ አልነገረችኝም። የዶክተሩ ሚስት ልብስ አጣቢ! አፍሬ ወሬውን አሳጠርሁት። ቤት ገብቼም አላነሣሁባት። ካነሣሁት እሷም የምታነሣው ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ እንደሆነ አላውቅም። ደክሞኛል። ይህ ክረምት አልፎ መስከረም ቢጠባ ሁሉም ነገር ራሱ መልክ የሚይዝ ይመስለኛል።

ነሐሴ 1

ራሴን ያመኛል። ድካም ነው።

ነሐሴ 3

ብርድ ብርድ ይለኛል። አሥራ ሁለት ሰው አየሁ። ይታይሽ ተኛ ትለኛለች።

ነሐሴ 4

ደረቴን አየሁት። ሽፍታ አለ።

ነሐሴ 22

ብዕር መያዝ የቻልሁት ዛሬ ነው። ፊደሌ እንደ ተማሪ ፊደል ተንጋድዷል። ይታይሽ ትራስ ደግፋ በር ላይ አስቀምጣኛለች፤ ፀሐይ ወጥታለች። ራሴ ተላጭቷል፤ የላጨችኝ እሷ ናት ይላሉ፤ እኔ አላስታውስም። የማስታውሰውን እስክደክም ልጻፍ፤ ካልጻፍሁት ነገ በሌላ መልክ ለራሴ የምነግረው ይመስለኛል።

መታመሜን ሰምታ ወርቅአየሁ መጣች። ብቻዋን አልመጣችም፤ ውሃ ቀጂ ያስፈልጋል ብላ ሸጋን ይዛት መጣች። ስንት ቀን ሸጋና ይታይሽ አንድ ማድቤት እንደዋሉ አላውቅም። እኔ ስነቃና ስተኛ ጣራው ሲጠጋኝና ሲርቀኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነቃሁ። ወርቅአየሁ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ከማድቤት የሁለት ሴቶች ድምፅ ይሰማኛል፤ በአገውኛ ያወራሉ። አንደኛዋ ሸጋ ናት፤ ታለቅሳለች። ሌላዋ ማን እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ድምፁ የይታይሽ ነው፤ ቋንቋው የእናቴ። ትኩሳቱ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ድምፁ አልጠፋም።

«እኔ አልጠየቅሁም» ትላለች ሸጋ። «እታለም ወርቅአየሁ ናት። እኔ አዘና እናቴ ዘንድ መሄድ ነው የምፈልግ። የማንም ልጅ መውለጃ መሆን አልፈልግም።»

«አውቃለሁ» አለች ይታይሽ። ቀስ ብላ፣ አንዳንዱን ቃል እየፈለገች፣ ግን ሳትሳሳት። «እዚያ አገራችሁ ያለችውን ባልሰማም፣ እዚህ ምድጃዬ አጠገብ ያለችውን ሰምቻለሁ።»

«ትጠይኛለሽ?»

«አንቺን? አንቺን ምን ብዬ እጠላለሁ?»

«ሻሹን ልመልስልሽ።»

«ያምርብሻል፤ አድርጊው። እኔ አረንጓዴ አይስማማኝም።»

ኋላ ሸጋ አንድ ነገር ብላ ይታይሽ ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ሳስብ ተኛሁ።

አሁን ደከመኝ።

ነሐሴ 23

ትኩሳቱ የለቀቀኝ ዕለት አጥሚት ስታጠጣኝ «መቼ ለመድሽው?» አልኋት።

ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። «ሰባት ዓመት እኮ ነው፤ ጆሮ አለኝ። መጀመሪያ ጨውና ውሃ። ከዚያ መካን የሚለውን ቃል። እሱን ቶሎ ነው የለመድሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ቢሆን በፊቴ ምን ትሉ ነበር?» አለች። አጥሚቱን ወደ አፌ አስጠጋችልኝ። «ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል።»

እሺ አላልሁም እኮ፣ እሺ ብዬ አላውቅም አልኋት። ይህን ስናገር ድምፄ ቀጥኖ ነበር፤ ምክንያቱ በሽታው ብቻ በሆነ።

«እንቢስ መቼ አልህ?» አለች።

ነሐሴ 26፣ እሑድ

ሸጋ ከአዘና ገበያተኞች ጋር ወደ እናቷ ሄደች። ይታይሽ ስንቅ ቋጥራ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። ወርቅአየሁ ተቆጥታ ያንለት ወደ አባታችን ተመለሰች፤ እኔን ጉንጬን ስማኝ ለይታይሽ ግን እጇን ብቻ ሰጠቻት። ይታይሽ በአገውኛ «በሰላም ግቢ፣ እታለም፤ አባባን ሳሚልኝ» አለቻት። ወርቅአየሁ በቆመችበት ቀረች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲወርድ አላነሣችውም። ከዚያ ወጣች።

ነሐሴ 29

ይታይሽ ባሕር ዳር ልትሄድ ነው። አቶ ደጉ ልብስ ማጠቢያው ሥራ ላይ ሰው እንደሚፈልጉ አረጋግጠውላታል። «መራመድ እስክትችል ቆይቻለሁ» አለችኝ። «አሁን ትራመዳለህ።»

«እኔም እኮ መልስ ልሰጥ ነው። አብረን እንሄዳለን።»

«ለኔ ብለህ እሺ አትበል» አለች። «ለኔ ብለህ ከመጣህ አንድ ቀን ትቆጥርብኛለህ። አባቴን የተውሁት ለሷ ነው፣ ልጅ ያጣሁት ለሷ ነው ትላለህ። መምጣት ከፈለግህ ለራስህ ና። መቅረትም ከፈለግህ ለራስህ ቅር። እኔ ግን እዚህ ገበያ ዳግመኛ አልወጣም።»

አልተቆጣችም። ብትጮኽብኝ ይቀለኝ ነበር። ብርድ ልብሶቹን ከሁለት ከፈለቻቸው፤ ወፍራሙን ለኔ አስቀረችልኝ።

ጳጉሜን 1

ሄደች። የጭነት መኪናው የኑግ ጆንያ ጭኖ ነበር። ሾፌሩ ጋቢና አስገባት። እጄን ጨበጠች፤ እንደ ሰው ሁሉ። ቤት ስመለስ ወለሉ ተጠርጎ አገኘሁት።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል፣ እሑድ

ዛሬ ዝናቡ ጠበል ነው ብለው ልጆች መንገድ ላይ ሲታጠቡ እኔ ቆሰበር ደረስሁ። ጉልበቴ ገና ስለሆነ አባቴ ፈረስ ልከውልኝ ነበር። ወርቅአየሁ ደጅ ላይ ድንች ትልጣለች፤ ስገባ ተነሥታ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ለአባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው። ባሕር ዳርን፣ ይታይሽ መሄዷን፣ እኔም ልሂድ ወይ እያልሁ መሆኑን። ሳያቋርጡ አዳመጡኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይህ ነገር?»

«ከሰኔ።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ስትመጣ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ስለ እግርዎ ብዬ፣ እንዳላስጨንቅዎ…»

እግራቸውን ወደ ብርሃኑ አወጡት። ጠባሳው ደርቆ ነጭ ሆኗል። «እግሬ እኮ ከሐምሌ ጀምሮ ደኅና ነው። ፈረስ እጋልብበታለሁ። እኔማ የምትመጣው ናፍቄህ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ።

መሬት ብትከፈት በገባሁ።

«ብቻዎን ትቼዎት እንዴት እሄዳለሁ? ቀን ቢደርስብዎ ማን አለዎት?»

«የሚቀብረኝ መንደሩ ነው፤ አንተ ብቻህን ተሸክመህ ልትቀብረኝ ነው? ልጅ ወልደህ አሳየኝ ብዬ ለምኜህ አውቃለሁ? እኔ ያልሁትን ንገረኝ።»

አስታውሼ አጣሁ። ብለውኝ አያውቁም። ክረምቱን ሙሉ በሳቸው ስም ስጨነቅ የከረምሁትን እሳቸው አያውቁትም።

ያን ጊዜ ወርቅአየሁ ቢላዋውን ጥላ ገባች። «እኔ ነኝ ያልሁት» አለች። «አዎ፣ እኔ ነኝ። እሱ ወደ ባሕር ዳር፣ እርስዎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፤ ከዚያ እኔ እዚህ ቤት ምን ተብዬ ልኖር ነው? የአጎቴ ልጆች በማግሥቱ ያስወጡኛል። ልጅ ቢኖር የሚያስቀረኝ ይኖር ነበር።» እያለቀሰች ነው የምትናገር። ወርቅአየሁ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ባሏን ፈትታ በአህያ ዕቃዋን ጭና የመጣች ዕለት እንኳ አላለቀሰችም።

አባቴ እግራቸውን ሰበሰቡ። ወደ እሷ ዞረው «ቤቱ ያንቺ ነው። በሽማግሌ ፊት እናገራለሁ። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ክረምቱን ሁላችን እንተኛ ነበር» አሏት።

ወርቅአየሁንም ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ለምን እንደሆነ በቅጡ ሳላውቅ። እሷም አቀፈችኝ። «ያቺ ሴት አገውኛዋ ካንተ ይሻላል» አለችኝ በጆሮዬ።

ጳጉሜን 5

ለአቶ ደጉ እሄዳለሁ አልኋቸው። «ለማን ብለህ?» ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰውን መንገድ ላይ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። አልጠየቁኝም። «ጥሩ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

መልሱን ግን ለራሴ ሰጠሁት። እዚህ ብቀር በየሳምንቱ ሰበብ ስፈልግ የምኖር ሰው ነኝ። ያን ሰው ሰልችቼዋለሁ።

ባሕር ዳር፣ መስከረም 8 ቀን 1956 ዓ.ም.

ሙቀት። አቧራ። የተጀመረ ቤት፣ ያልተጨረሰ መንገድ፣ ማንም ማንንም ሰላም ሳይል የሚያልፍበት። ሻንጣዬን ይዤ ስጠያይቅ ቆይቼ ይታይሽ የተከራየችበትን ግቢ አገኘሁት። ሥራ ላይ ነበረች። አከራይዋ እትዬ ስሜነሽ ውሃ ሰጥተው ደጃፍ ላይ አስቀመጡኝ፤ ማን እንደሆንሁ ግን ከእሷ አፍ መስማት ፈልገው አልጠየቁኝም።

ይታይሽ ስትመጣ እጆቿ በውሃ ተሸብሽበው ነበር። አየችኝ። ጠጉሬ ገና እንደ ገብስ ቡቃያ ነው። «በላህ?» አለች።

«ዘመድሽ ነው?» አሉ እትዬ ስሜነሽ።

«ያገሬ ሰው ነው» አለች ይታይሽ።

ባሏ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ከእሷ ነው መምጣት ያለበት።

ክፍሏ ጠባብ ናት። በር አጠገብ ሰሌን አነጠፈችልኝ። ሽሮ በላን። የአባባን ነገር፣ የወርቅአየሁን ነገር ነገርኋት፤ አንዱንም ሳላሳምር። ወርቅአየሁ ያለችውን ስነግራት ትንሽ ፈገግ አለች፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

«ነገ ሥራ ስትገባ ይመዘግቡሃል» አለች። «እኔን መዝግበውኛል። ያገባህ ነህ ወይ ይላሉ።»

«አዎ እላለሁ።»

«ልጅ አለህ ወይ ይላሉ።»

«የለኝም እላለሁ።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እንዲሁ ነው የምትል? ወይስ አንገትህን ደፍተህ?»

እንዲሁ ነው አልኋት።

«እናያለን» ብላ ፋኖሱን ዝቅ አደረገችው። በጭላንጭሉ ነው ይህን የምጽፍ።

መስከረም 9

መዝጋቢው ወጣት ነው፤ ሳያየኝ ነው የጠየቀኝ። ስም። አገር። ያገባህ? አዎ አልሁ። ልጅ? የለኝም አልሁ። ቀና ብዬ ነበር መሰለኝ፤ ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ያለው ቀለም ገና እንዳልደረቀ አይቻለሁና።